«ነበር» ያለበት ሁሉ «ሃድ» አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። «ለእንግሊዝኛ ኮርስ የጻፍኩት ጽሑፍ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በቀይ ተሰምሮባቸው ተመለሱልኝ። ‹አይ ሃቭ ዌንት ቱ ዘ ዶክተር የስተርዴይ›፣ ‹አይ ሃድ ጎን ቱ ዘ ላይብረሪ ላስት ዊክ› እና ‹ማይ ሲስተር ሃዝ ጎን ቱ ፓሪስ ትዋይስ› የሚሉ ናቸው። ሦስቱም ትክክል መስለውኝ ነበር። ሕጉን ሳነብ ይገባኛል፣ ስጽፍ ግን ዌንት፣ ሃቭ ጎን፣ ሃድ ጎን፣ ዎዝ ጎይንግ ሁሉም ይምታቱብኛል። የቱን መቼ ነው የምጠቀመው?»

እህቴ፣ የመጀመሪያው በከፊል የቅርጽ ስህተት ነው፣ ብዙም አያስቸግርም። ሁለተኛው ግን ከአማርኛችን ይዘነው የምንሄደው ነገር ስለሆነ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ። ሦስተኛው ላይ አራሚሽ ትንሽ ጠንከር ብሏል፣ ለምን እንደሆነ ስደርስበት እነግርሻለሁ። ያልጠየቅሽውንም እጨምራለሁ፤ ስለ ጎ (መሄድ) ሲወራ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የሚመጣው።

ከቅርጹ እንጀምር። ለኃላፊ ጊዜ በዋናነት የሚያስፈልጉሽ ዌንት እና ጎን ናቸው። ዌንት ራሱን የቻለ ነው፣ ከፊቱ ረዳት ግስ አያስገባም። አይ ዌንት፣ ሺ ዌንት፣ ዘይ ዌንት፤ አለቀ። ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን አይለወጥም። ጎን ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ እንደ ዋና ግስ ሲያገለግል ሃቭ፣ ሃዝ ወይም ሃድ ካልቀደመው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ «ሃቭ ዌንት» የለም፣ «አይ ጎን»ም የለም። በጥያቄና በአሉታ ደግሞ ዲድ ይመጣል። ዲድ ከመጣ ያለፈውን ጊዜ የሚሸከመው እሱ ነው፣ ጎ ወደ ተራ መልኩ ይመለሳል። «ዲድ ዩ ጎ?»፣ «አይ ዲድንት ጎ»። «ዲድ ዩ ዌንት» ስትይ ያለፈውን ጊዜ ሁለቴ ቆጠርሽው ማለት ነው።

እንደ «ሃቭ ዌንት» ያለው ስህተት ለምን በጎ ላይ በዛ? ከብዙዎቹ ግሶች ጋር ስለማይታይ ነው። ዎርክን ውሰጂ። ኃላፊ ጊዜው ዎርክድ ነው፣ ከሃቭ ጋር የሚሄደውም ዎርክድ ነው። የቱን እንደተጠቀምሽ ሳታውቂው ትክክል ሆነሽ ታልፊያለሽ። ጎ ላይ ስትደርሺ ግን ሁለቱ ስለሚለያዩ ገመናሽ ይወጣል። ፈተና የሚያወጡ ሰዎች ይሄን ግስ የሚወዱት አለምክንያት አይደለም።

ደግሞ «ፊልም ላይ ‹ሹድ ሃቭ ዌንት› ሲሉ ሰምቻለሁ» ብለሽ እንዳትሞግቺኝ። ልክ ነሽ፣ ይላሉ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች፣ በተለይ አሜሪካ ውስጥ፣ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ይሰማል። መደበኛ ጽሑፍ ላይ ግን እንደ ስህተት ነው የሚቆጠረው። እነሱ ሲሉት «አነጋገራቸው ነው» ተብሎ ይታለፋል፣ አንቺ ስትጽፊው ቀይ ይሰመርበታል። ፍትሐዊ አይደለም፣ ግን እንዲያ ነው።

በነገራችን ላይ ዌንት ከጎ ጋር በመልክ የማይገናኘው ድሮም የጎ ስላልነበረ ነው። ዌንድ የሚባል ሌላ ግስ ነበር፤ መዞር፣ መጓዝ የሚል ትርጉም ያለው። ሴንድ ሴንት፣ ስፔንድ ስፔንት እንደሚባለው ዌንድ ዌንት ይባል ነበር። ጎ በጥንቱ እንግሊዝኛ የራሱ ኃላፊ ጊዜ ነበረው፣ «ኤዮዴ» የሚል፣ እሱም ቢሆን በመልክ ከጎ ጋር አይመሳሰልም። እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ዌንት ያንን ገፍቶ ቦታውን ያዘ። ዌንድ ራሱ ዛሬ ከጥቂት አባባሎች ውጪ አይሰማም፣ ሲመጣም ኃላፊው ዌንድድ ሆኗል። ስለዚህ ለዌንት ሕግ አትፈልጊለት፣ በቃል ያዢውና እለፊ።

አሁን ወደ ዋናው። «አይ ሃድ ጎን ቱ ዘ ላይብረሪ ላስት ዊክ» ብለሽ ስትጽፊ ጭንቅላትሽ ውስጥ የነበረው «ባለፈው ሳምንት ላይብረሪ ሄጄ ነበር» የሚል ነው፣ አይደል? አማርኛው እንከን የለውም። «ሄጄ ነበር» የምንለው ሄደን ለተመለስንበት፣ አብቅቶ ለተዘጋ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው «ትናንት የት ጠፋሽ?» ቢልሽ «ላይብረሪ ሄጄ ነበር» ብለሽ ዝም ማለት ትችያለሽ። ምንም የጎደለ ነገር የለም።

እንግሊዝኛው ሃድ ጎን ግን እንዲህ ብቻውን አይቆምም። የሰማሽ ሰው «ከምን በፊት?» ብሎ ይጠብቃል። ሃድ ጎን ሁለት ያለፉ ነገሮች ሲኖሩ ቀድሞ የሆነው ላይ የሚለጠፍ ምልክት ነው። ሁለተኛው ነገር እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ላይኖር ይችላል፣ ከዚያ በፊት ተነግሮ ሊሆን ይችላል፤ ግን የሆነ ቦታ መኖር አለበት። ከሌለ ሰሚሽ የወሬውን ቀሪ እየጠበቀ ይቀራል። ስለዚህ ያንቺ ዓረፍተ ነገር በቀላሉ «አይ ዌንት ቱ ዘ ላይብረሪ ላስት ዊክ» ነው። «ሄጄ ነበር» በአፍሽ ሲመጣ እጅሽ ቀጥ ብሎ ወደ ሃድ እንዳይሄድ ያዢው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ተራው ዌንት ነው።

ሃድ ጎን የግድ የሚሆንበትን ቦታ ደግሞ ላሳይሽ። እነዚህን ሁለቱን አስተያዪ። «ዌን አይ አራይቭድ፣ ሂ ሃድ ጎን» እና «ዌን አይ አራይቭድ፣ ሂ ዌንት»። የመጀመሪያው ላይ ስደርስ ሰውየው የለም፤ ቀድሞኝ ወጥቷል፣ አልተገናኘንም። ሁለተኛው ላይ ግን እኔ ገባሁ፣ እሱ ተነስቶ ሄደ። ተያይተናል ማለት ነው፣ እንዲያውም ሰሚው «ምን ተፈጥሮ ነው? ተጣልታችሁ ነው እንዴ?» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ቃሎቹ ያው ናቸው፣ የተለወጠው ግሱ ብቻ ነው፣ ወሬው ግን ሌላ ወሬ ሆነ። ሃድ ጎን ሥራውን የሚሠራው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ቢፎር ወይም አፍተር ካለ ግን ቅደም ተከተሉን ቃሉ ራሱ ስለሚናገር ሃድ ብዙም አያስፈልግም። «ሂ ዌንት ሆም ቢፎር አይ አራይቭድ» ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ሃድ ጎን ብትይም ስህተት አይደለም፣ ትርፍ ጌጥ ነው እንጂ። ታሪክ ስትተርኪም እንደዚሁ። ነገሮቹን በተከሰቱበት ቅደም ተከተል የምታወሪ ከሆነ ዌንት፣ ሳው፣ ቱክ እያልሽ በተራው ኃላፊ ጊዜ ሂጂ። ወደ ኋላ መለስ ብለሽ ቀደም ሲል የሆነ ነገር መንገር ስትፈልጊ ብቻ ሃድን አምጪው። ረጅም ትረካ ውስጥ መለስ ያልሽበትን ነጥብ አንድ ሁለት ጊዜ በሃድ ካሳየሽ በኋላ ወደ ተራው ኃላፊ ጊዜ መመለስ ትችያለሽ፣ አንባቢው ይከተልሻል። ገጹን ሙሉ ሃድ፣ ሃድ፣ ሃድ ማድረግ ያደክማል።

ሃቭን እንያት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ ላይ ዌንትን በጎን ብትቀይሪውም ችግሩ አያልቅም፤ «አይ ሃቭ ጎን ቱ ዘ ዶክተር የስተርዴይ» አሁንም ስህተት ነው። እዚህም ጋ አማርኛ ይለቅልናል። «ትናንት ሄዷል» ብንል የሚቆጣን የለም። እንግሊዝኛ ግን ሃቭን የሚይዘው ጊዜው ገና ላልተዘጋ ነገር ነው። የስተርዴይ ተዘግቷል። ላስት ዊክ ተዘግቷል። ኢን 2010፣ ቱ ዴይስ አጎ፣ ዌን አይ ዎዝ ኤ ቻይልድ፣ ሁሉም በር የተዘጋባቸው ናቸው። ከእነሱ ጋር ዌንት እንጂ ሃቭ አይገባም። «መቼ ሄድሽ?» የሚለውም የተዘጋ ጊዜ ፈላጊ ስለሆነ «ዌን ዲድ ዩ ጎ?» ነው። ሃቭን የሚወዱት ገና ያልተዘጉት ናቸው፦ ኤቨር፣ ኔቨር፣ ሶ ፋር፣ ዚስ ዊክ።

ዚስ ሞርኒንግ የሚለው ላይ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰዓቱ ገና ጠዋት ሆኖ ከሐኪም ቤት ተመልሰሽ ከሆነ «አይ ሃቭ ቢን ቱ ዘ ዶክተር ዚስ ሞርኒንግ» ትያለሽ። ያንኑ ነገር ከሰዓት በኋላ ስታወሪው «አይ ዌንት ቱ ዘ ዶክተር ዚስ ሞርኒንግ» ይሆናል። አንቺ ያደረግሽው ነገር አልተለወጠም፣ ሰዓቱ ነው የተለወጠው። እንግዲህ ዌንትና ሃቭን የሚለየው ነገሩ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ አይደለም። ከአምስት ደቂቃ በፊት የሆነም ቢሆን «ፋይቭ ሚኒትስ አጎ» ካልሽ ዌንት ነው።

ጀስትና ኦልሬዲ ላይ ግን ብዙ አትጨነቂ። እንግሊዞቹ «ሂ ሃዝ ኦልሬዲ ጎን» ይመርጣሉ፣ አሜሪካኖቹ «ሂ ኦልሬዲ ዌንት»ም ይላሉ። ፈተናሽ የእንግሊዝ ከሆነ በመጀመሪያው ሂጂ።

አሁን «ቢን» ከየት መጣች ትዪኝ ይሆናል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገርሽ ለዚህ ያደርሰናል። «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ፓሪስ» ማለት ሄዳለች፣ አልተመለሰችም ማለት ነው። አሁን ፓሪስ ናት፣ ወይ መንገድ ላይ ናት፤ እዚህ ግን የለችም። «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ፓሪስ» ማለት ግን ሄዳ አይታ ተመልሳለች ማለት ነው። ቢን የቢ ናት፣ እዚህ ጋ ግን «ጎን» የሚለውን ቃል ሥራ ወስዳለች። ለዚህ ነው ከኋላዋ ቱ የምትከተላት። እህትሽ ፓሪስን ሁለት ጊዜ ካየች «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ፓሪስ ትዋይስ» ነው። አራሚሽ ጠንከር ብሏል ያልኩት ትዋይስ ስላለበት ነው፤ ሁለት ጊዜ የሄደ ሰው ቢያንስ አንዴ መመለሱ የታወቀ ነው፣ አሜሪካኖችም «ሃዝ ጎን ትዋይስ» ሲሉ ይሰማል። ቢሆንም ቢን ብትይ የትም አትወቀሽም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። እዚህ ቆመሽ ስለ ራስሽ «አይ ሃቭ ጎን ቱ ፓሪስ» ማለት ይከብዳል። ሄደሽ ካልተመለስሽ ማን ነው እያወራኝ ያለው? ማስታወሻ ጽፈሽ በር ላይ ለጥፈሽ ከወጣሽ ግን ያስኬዳል፤ ሰው ሲያነበው አንቺ የለሽም።

«ይሄድ ነበር» ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ነበር ስላለበት ሃድ የሚጽፍ አለ፣ ከዚያ የተሻለው ደግሞ ዎዝ ጎይንግ ይጽፋል። «ልጅ ሆኜ በየቅዳሜው ባሕር ዳርቻ እሄድ ነበር» ለማለት «አይ ዎዝ ጎይንግ ቱ ዘ ቢች ኤቭሪ ሳተርዴይ» ካልሽ ለጆሮ ይጎረብጣል። ልማድ ነውና «አይ ዩዝድ ቱ ጎ» በይ፣ ወይም በቀላሉ «አይ ዌንት ኤቭሪ ሳተርዴይ»። ትረካው ከተጀመረ በኋላ «አይ ውድ ጎ»ም ይሄዳል። ዎዝ ጎይንግ የሚያስፈልግሽ «እየሄድኩ ነበር» ስትዪ ነው። አንድ ነገር እየተካሄደ ሳለ ሌላ ነገር መሃል ሲገባበት፦ «አይ ዎዝ ጎይንግ ቱ ዎርክ ዌን ዩ ኮልድ»። መንገድ ላይ ነኝ፣ ስልኩ ጮኸ።

ያቺው ዎዝ ጎይንግ ቱ አስከትላ ሌላ ግስ ከጨመረች ደግሞ «ልሄድ ነበር»፣ «ልደውልልህ ነበር» ይሆናል። «አይ ዎዝ ጎይንግ ቱ ኮል ዩ» ማለት አስቤ ነበር ግን ሳላደርገው ቀረሁ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰበብ ይከተላል። ይቺን ውደጃት፣ አማርኛችን ላይ ልክክ የምትል ብቸኛዋ ናት ማለት ይቻላል።

ሌላው ብዙ የማየው ስህተት ተጀምሮ እስካሁን ስለቀጠለ ነገር ነው። «እዚህ ጂም መሄድ ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው» ለማለት «አይ አም ጎይንግ ቱ ዚስ ጂም ፎር ቱ ይርስ» ይጻፋል። አማርኛው ላይ ያለው «ነው» ነው አሁን ወዳለው ጊዜ የሚስበን። እንግሊዝኛው «አይ ሃቭ ቢን ጎይንግ ቱ ዚስ ጂም ፎር ቱ ይርስ» ነው። «ዌንት ፎር ቱ ይርስ» ካልሽ ትተሽዋል ማለት ነው፤ ሁለት ዓመት ሄድሽ፣ ከዚያ አቆምሽ። የቆይታ መጠን ከሆነ ፎር፣ የጀመርሽበት ነጥብ ከሆነ ሲንስ፦ ፎር ቱ ይርስ፣ ሲንስ ጃንዋሪ።

ነበር ገና አልተወችንም። «ብሄድ ኖሮ አገኘው ነበር» ስንልም አለች፣ እዚህ ጋ ግን «ነበር» ባለችበት በኩል ሃድ አይገባም፣ «ኖሮ» ባለችበት በኩል ነው የሚገባው። «ኢፍ አይ ሃድ ጎን፣ አይ ውድ ሃቭ ሲን ሂም»። ሃድ ከኢፍ ጋር፣ ውድ ሃቭ ከውጤቱ ጋር። በሁለቱም በኩል ውድ ሃቭ የሚጽፉ አሉ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ሲያወሩ ይሉታል፣ ጽሑፍ ላይ ግን አይፈቀድም። «ኢፍ አይ ዌንት» ካልሽ ደግሞ ያለፈ ነገር ላይሆን ይችላል። «ኢፍ አይ ዌንት ቱሞሮው» ማለት «ነገ ብሄድ» ነው። ዌንት እዚህ የምታሳየው የሐሳብ ርቀትን ነው፣ ያለፈ ጊዜን አይደለም።

«መሄድ ነበረብኝ» የምትለዋ ግን ከሁሉም ታስቸግራለች፣ አስተርጓሚዎችንም ታሰናክላለች። አማርኛው ሁለት ትርጉም ይዟል። አንደኛው ግዴታ ነበረብኝ፣ ሄድኩም። ይሄ «አይ ሃድ ቱ ጎ» ነው። ሁለተኛው መሄድ ሲገባኝ ሳልሄድ ቀረሁ፣ ይቆጨኛል። ይሄ «አይ ሹድ ሃቭ ጎን» ነው። ስናወራ በድምፃችን ወይም በወሬው አውድ እንለያቸዋለን። እንግሊዝኛ ላይ ግን መምረጥ አለብሽ፣ ከተሳሳትሽ ደግሞ የሄደ ሰው ቀረ፣ የቀረ ሰው ሄደ ይሆናል። ስብሰባ ላይ ያልተገኘሽበትን ምክንያት በኢሜይል ስታስረጂ «አይ ሃድ ቱ ጎ ቱ ዘ ሚቲንግ» ብለሽ ከጻፍሽ አለቃሽ እንደተገኘሽ ነው የሚያነበው።

አጫጭር ቅርጾቹን በተመለከተ ቀጥሎ ያለውን ቃል ብቻ እዪ። «አይድ ጎን» ከሆነ ሃድ ናት፣ «አይድ ጎ» ከሆነ ውድ ናት። «ሂዝ ጎን» ከሆነ ሃዝ ናት፣ «ሂዝ ጎይንግ» ከሆነ ኢዝ ናት። «ኢት ኢዝ ጎን» የሚባልም አለ፤ እዚያ ጋ ጎን እንደ ቅጽል ሆና «የለም፣ ጠፍቷል፣ አልቋል» ማለት ነው።

ቱ ላይም ጥንቃቄ አድርጊ። ዌንት ቱ ዎርክ፣ ዌንት ቱ ፓሪስ እንላለን፣ ግን ዌንት ሆም፣ ዌንት ዜር፣ ዌንት አብሮድ ላይ ቱ የለም። ዌንት ሾፒንግ፣ ዌንት ስዊሚንግ ላይም እንደዚሁ። «ዌንት ቱ ሆም» ቀይ መስመር ከሚጋብዙት የመጀመሪያው ነው።

የመጨረሻ ነገር። ጎ ሁልጊዜ መሄድ አይደለም፤ ከቅጽል ጋር ሲመጣ «ሆነ» ማለት ይሆናል። «ዘ ስክሪን ዌንት ብላክ» ማለት ስክሪኑ ጨለመ ነው፣ «ሂ ዌንት ዴፍ» ማለት ሰውየው ደነቆረ። ጊዜዎቹ እስካሁን ባየናቸው መንገድ ይሠራሉ፣ በአንድ ነገር ብቻ ይለያሉ። እዚህ ቢን ጎንን መተካት አይችልም። «ሂ ሃዝ ጎን ዴፍ» መስማት አቁሟል ማለት ነው፣ «ሂ ሃዝ ቢን ዴፍ ፎር ይርስ» ደግሞ ከደነቆረ ዓመታት ሆኖታል፣ አሁንም አይሰማም።